ኮሌጅ ሳይገባ የጥርስ ሕክምና አባት የሆነው ሰው እና የእኛ የበለዘ ጥርስ

ባቱ ወይም መቂ ተወልዶ ያደገ ሰው አዲስ አበባ ሲሄድ ብዙ ጊዜ ከየት እንደመጣ ሳይናገር ይታወቅበታል። የሚያሳብቅበት አነጋገሩ አይደለም፤ ጥርሱ ነው። የፊት ጥርሶቹ ላይ ቡናማ ሰንበር አለ። አንዳንዱ ጋ ኖራ የነካው የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ ይታያል፤ የባሰበት ደግሞ ጥርሱ ራሱ የተቦረቦረ ነው። አዳሚ ቱሉ ብትሉ፣ ቡልቡላ ብትሉ፣ ወንጂ ብትሉ ያው ነው።

ብዙዎቻችን ስንስቅ እጃችን ወደ አፋችን የሚሄደው ለዚህ ነው። ፎቶ ስንነሳ ከንፈራችንን የምንገጥመውም ለዚህ ነው። ከሁሉም የሚያናድደው ግን ሰው የሚሰጠው ምክንያት ነው። ጥርሱን አይፍቅም፣ ጫት ያበዛል፣ ሲጋራ ያጨሳል ይባላል። ጠዋት ማታ ጥርሷን የምትፍቅ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ይሄን ስትሰማ ምን ይሰማታል?

ወዳጆች፣ ይህ የበለዘ ጥርስ የቆሻሻ ጉዳይ እንዳልሆነ ከመቶ ዓመት በፊት በማይክሮስኮፕ አይቶ ያረጋገጠ ሰው ነበር። ስሙ ግሪን ቫርዲማን ብላክ ይባላል። ባቱን በስም እንኳ የሚያውቃት አይመስለኝም። ነገር ግን ዛሬ ጥርሳችንን ለማስሞላት ወይም ለማስሸፈን ክሊኒክ ስንገባ የምናገኘው አሠራር ግማሹ እሱ የጀመረው ነው፤ ግማሹ ደግሞ እሱ ያስተማረውን በመሻር የመጣ ነው። ታሪኩን እነሆ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የገበሬ ልጅ

ብላክ የተወለደው ነሐሴ 3 ቀን 1836 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት፣ ዊንቸስተር ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ በሚገኝ እርሻ ውስጥ ነው። እኛ አገር ዘመነ መሳፍንት ነበር። ልጅ እያለ ትምህርት ቤት መዋል ብዙም አልሆነለትም። ከክፍል ይልቅ ጫካው ይስበው ነበር፤ እንስሳትና ዕፅዋት ሲያይ መዋል ይወዳል። በመደበኛ ትምህርት ያሳለፈው ጊዜ በጣም አጭር ነው።

አሥራ ሰባት ዓመት ሲሆነው ሐኪም ወደሆነው ታላቅ ወንድሙ ቶማስ ዘንድ ሄደ። እዚያ መድኃኒት ሲቀመም እያየ፣ የወንድሙን መጻሕፍት እያገላበጠ ሕክምናን ተማረ። በ1857 ደግሞ አንድ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ለጥቂት ጊዜ ገብቶ ሙያውን ቀሰመ። በቃ፣ ትምህርቱ ይሄው ነው። በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ዊንቸስተር ተመልሶ የራሱን ሥራ ጀመረ።

ይሄ አሁን ስናስበው ይገርመናል እንጂ በዚያ ዘመን የተለመደ ነበር። የጥርስ ሐኪም መሆን እንደ አናጢነት ወይም እንደ አንጥረኝነት ከጌታ ሥር ሆኖ የሚለመድ ሙያ ነበር። ጉጠት ያለው ሁሉ ጥርስ ይነቅላል፤ ትንሽ የተሻለው ደግሞ ይሞላል። የብላክ ልዩነት ከዚያ በኋላ መማሩን አለማቆሙ ነው። ማታ ማታ ኬሚስትሪ ያነባል፣ ማይክሮስኮፕ ያያል፣ የእጅ መሣሪያዎቹንም ራሱ ይሠራል።

በመሀል የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት መጣ። በ1862 በሰሜኑ ጦር ገብቶ ተሰለፈ፤ ጉልበቱ ላይ ጉዳት ደርሶበትም ከጦሩ ወጣ። በጦርነቱ ዘመን የመጀመሪያ ሚስቱን በሞት አጣ። በ1864 ጃክሰንቪል ወደምትባል ከተማ ሄዶ እንደገና ከዜሮ ጀመረ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ጥርሱን የነቀለባት ከተማ ጃክሰንቪል ናት።

በእግር የሚዘወረው መሰርሰሪያ

በዚያ ጊዜ ጥርስ የሚቦረቦረው በእጅ ነበር። ሐኪሙ መሰርሰሪያውን በጣቱ እያሽከረከረ ይፈትጋል፤ ታካሚው ደግሞ ጥርሱን መንከስ እንኳ አይችልም፣ አፉ ተከፍቷላ! ብላክ የልብስ ስፌት መኪና እንደሚረገጠው በእግር የሚረገጥና በገመድ የሚሽከረከር መሰርሰሪያ ሠራ። እንዲህ ዓይነት መሣሪያ ቀድመው ከሠሩት ሰዎች አንዱ ነው። ሁለቱ እጆች ነፃ ሆኑ፤ ሥራውም ፈጠነ።

ትልቁ ጥያቄ ግን መቦርቦሩ አልነበረም። ቦርቡረህ ስታበቃ በምን ትሞላዋለህ? ይህ ጥያቄ ነው የብላክን ዕድሜ የበላው። እስከዛሬም የጥርስ ሕክምና ዋና ጥያቄ ነው።

ሀብታም በወርቅ ያስሞላል። ወርቅ ግን ውድ ነው፤ በስስ ቅጠል መልክ እየተቀጠቀጠ ስለሚገባም ሰዓታት ይፈጃል። ድሃው አማልጋም ነበር የሚደርሰው። አማልጋም ማለት የብርና የቆርቆሮ ብናኝ ከሜርኩሪ ጋር ተለውሶ የሚጠጥር ቅይጥ ነው። ችግሩ ያኔ ሁሉም የሚቀምመው እንደየስሜቱ መሆኑ ነው። አንዱ የብር ሳንቲም ፈግፍጎ ይቀላቅላል፤ ሌላው የራሱን ሚስጥራዊ ቅይጥ ይሸጣል። ሙሌቱ ከወራት በኋላ ወይ ያብጥና ጥርሱን ይሰነጥቃል፣ ወይ ይሸሽና በክፍተቱ በኩል ጥርሱ እንደገና ይበሰብሳል። በ1840ዎቹ በዚህ ነገር የአሜሪካ ጥርስ ሐኪሞች ለሁለት ተከፍለው እስከመባረር ተጣልተው ነበር።

ብላክ ወደ ጭቅጭቁ አልገባም። መለካት ጀመረ። ብሩን፣ ቆርቆሮውን፣ መዳቡንና ዚንኩን እያበዛና እያሳነሰ ቀላቀለ። እያንዳንዱ ቅይጥ ስንት እንደሚያብጥ፣ ስንት እንደሚሸሽ፣ ስንት ጫና እንደሚችል መዘገበ። ሰው ሲነክስ የሚያወጣውን ኃይል የሚለካ መሣሪያ እንኳ ሠራ፤ ምክንያቱም ሙሌት ምን ያህል መጠንከር እንዳለበት ለማወቅ መጀመሪያ መንጋጋ ምን ያህል እንደሚጫን ማወቅ ያስፈልጋል። ውጤቱን በ1895 እና በ1896 አሳተመው። የዓድዋ ጦርነት ሰሞን መሆኑ ነው። የማያብጥና የማይሸሽ አማልጋም የሚሠራበት ቀመር ለማንም ክፍት ሆነ። ድሃም የሚያስተማምን ሙሌት አገኘ።

ጤነኛውንም ቁረጥ

ቀጥሎ የመጣው ሀሳቡ በዓለም ዙሪያ ለመቶ ዓመት ገደማ ሲያስተምሩበት የኖረው ነው። ብላክ የጥርስ ጉድጓዶችን እንደቦታቸው በክፍል መደባቸው። ዛሬም የጥርስ ሕክምና ተማሪ አንደኛ ክፍል፣ ሁለተኛ ክፍል እያለ የሚያጠናው የእሱን ምደባ ነው። ከዚያ ደግሞ አንድ ደንብ አወጣ። የበሰበሰውን ብቻ አንስተህ አትቁም፤ ወደፊት ሊበሰብስ የሚችለውን አጠገቡ ያለውን ጤነኛ ክፍልም ጨምረህ ቁረጥ የሚል።

ለዛሬ ሰው ይሄ ጭካኔ ይመስላል። ግን ምክንያት ነበረው። አማልጋም ጥርስ ላይ አይጣበቅም። እንደ ሽብልቅ ተጨናንቆ ነው የሚቆየው። ስለዚህ ጉድጓዱ ከላይ ጠበብ ከታች ሰፋ ብሎ ካልተቀረጸ ሙሌቱ ወልቆ ይወድቃል። ቁሱ የማይጣበቅ ሲሆን ለቁሱ ሲባል ጥርሱ ይቆረጣል ማለት ነው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ኮሌጅ በተማሪነት ያልገባው ሰውዬ ስሙ ሲገን ኮሌጆች ራሳቸው መጡ። የክብር ዲግሪዎች ተሰጡት። በሚዙሪና በቺካጎ አስተማረ። በ1897 ቺካጎ የሚገኘው የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ዲን ሆነ፤ እስኪሞት ድረስም በዚያው ቆየ። በ1908 ያሳተመው ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ የሙያው ዋና ማስተማሪያ ሆነ።

በዚያው ሰሞን ሌላ ነገርም ተወልዷል። በ1907 ዊልያም ታጋርት የሚባል የኢሊኖይ ጥርስ ሐኪም የሙሌቱን ቅርጽ በሰም ሠርቶ፣ ሰሙን አቅልጦ በቦታው ወርቅ የማፍሰስ ዘዴ አሳየ። እኛ አገር አንጥረኞች መስቀል የሚያፈሱበት ዓይነት የሰም አሠራር ነው። ያኔ ሙሌት አፍ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ከአፍ ውጭ፣ በሥራ ጠረጴዛ ላይ ተሠርቶ መጥቶ የሚገጠም ሆነ። ዛሬ የጥርስ ላብራቶሪ የምንለው ሥራ በዚህ መንገድ ነው የተስፋፋው።

ከኮሎራዶ የመጣ ጥያቄ

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ እንምጣ።

ፍሬድሪክ ማኬይ የሚባል ወጣት ትምህርቱን እንደጨረሰ በ1901 ኮሎራዶ ስፕሪንግስ የምትባል ተራራ ሥር ያለች ከተማ ክሊኒክ ከፈተ። ታካሚዎቹን ሲያይ ደነገጠ። የአገሬው ሰው ጥርስ ቡናማ ነው። አንዳንዱ እንደ ቸኮሌት የጠቆረ፣ ሌላው የተዥጎረጎረ። መጽሐፍ ቢያገላብጥ አንድም የተጻፈ ነገር የለም። የከተማዋ ሰው ደግሞ የየራሱ መልስ አለው። አንዱ የአሳማ ሥጋ ስለምንበላ ነው ይላል፤ ሌላው ወተቱ ነው ይላል፤ ሌላው ውሃው ውስጥ ኖራ አለ ይላል። ከእኛ ሰፈር ወሬ ብዙም አይለይም፣ አይደል?

ማኬይ ለብላክ ጻፈለት። ብላክ መጀመሪያ ማመን አቃተው። ይህን ያህል ሕዝብ የያዘ ነገር እንዴት እስካሁን በሙያው ጽሑፍ ውስጥ ሳይገባ ይቀራል? ማኬይ የበለዙ ጥርሶችን ላከለት። የከተማዋ ጥርስ ሐኪሞችም ተማሪዎችን መረመሩ። እዚያው ተወልደው ካደጉት ልጆች ዘጠና በመቶ የሚጠጉት ጥርሳቸው ላይ ምልክቱ ተገኘ።

በ1909 ብላክ ራሱ ባቡር ተሳፍሮ ኮሎራዶ ሄደ። ዕድሜው ከሰባ አልፏል። ጡረታ ወጥቶ ልጅ ልጆቹን መሳም የሚችል ሰው ነው። በየመንገዱ የሚጫወቱ ልጆችን ጥርስ ሲያይ ጉዳዩ ገባው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ ያለውን ስድስት ዓመት ለዚህ ጥያቄ ሰጠ።

የበለዙትን ጥርሶች ከወረቀት ባነሰ ውፍረት እየፈተገ በማይክሮስኮፕ አያቸው። ሦስት ትልልቅ ነገር አገኘ።

አንደኛ፣ ብልዘቱ ከላይ የተለጠፈ ቆሻሻ አይደለም። የጥርስ የላይኛው ጠንካራ ሽፋን፣ ኢናሜል የሚባለው፣ እጅግ ቀጫጭን ዘንጎች ተደርድረው የተሠራ ነው። በጤነኛ ጥርስ ዘንጎቹን የሚያያይዝ ነገር በመሀላቸው አለ። በበለዘው ጥርስ ይሄ ማያያዣ የለም ወይም ጎድሏል። ግንብ ተሠርቶ በድንጋዮቹ መሀል ሲሚንቶ የተረሳ ያህል ነው። ጥርሱ ሲበቅል ኖራ መስሎ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ቡናማው ቀለም በእነዚያ ክፍተቶች ገብቶ የሚቀመጠው ከጊዜ በኋላ ነው። ስለዚህ ቤት ሙሉ መፋቂያ ብትጨርስ አይለቅም።

ሁለተኛ፣ ጉዳቱ የሚደርሰው ጥርሱ ድድ ውስጥ ሆኖ ገና እየተሠራ ሳለ ነው። ቋሚ ጥርሱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ወደ ከተማዋ የመጣ አዋቂ ጥርሱ አይበልዝም። የቋሚ ጥርሱን መውጣት የሚጠብቅ ሕፃን ግን ይበልዛል።

ሦስተኛው ራሱን ብላክን ያስገረመው ነው። የማያያዣ ጉድለት ያለበት ጥርስ ቶሎ መበስበስ ነበረበት። ግን አልበሰበሰም፤ እንዲያውም መበስበስን ይቋቋማል።

ምክንያቱን ሳያገኘው ነሐሴ 31 ቀን 1915 አረፈ። ጥናቱ ከማኬይ ሥራ ጋር ሆኖ በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1916 ታተመ። ልጁ አርተርም የጥርስ ሐኪም ነበር፤ በኋላ በአባቱ ወንበር ዲን ሆነ። የብላክ ሐውልት ዛሬም ቺካጎ ሊንከን ፓርክ ውስጥ ቆሟል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ ጥርስ እንዴት እንደሚሞላ ለዓለም ያስተማረ ነው። የመጨረሻ ስድስት ዓመቱን ያዋለው ግን የእሱ ሙሌት ምንም ሊያደርግለት በማይችል ጥርስ ላይ ነው። በፊት ጥርስ ሰንበር ላይ አማልጋም አይቀባ! ግን ትቶት አልሄደም። ሊጠግነው ያልቻለውን ነገር ቢያንስ ከየት እንደሚመጣ ልወቅ አለ።

ምክንያቱ ተገኘ

ማኬይ ብቻውን ቀጠለ። በ1923 አይዳሆ ውስጥ ኦክሊ ወደምትባል ከተማ ተጠራ። ወላጆች እንደነገሩት ልጆቻቸው ጥርስ ላይ ቡናማው የመጣው ከተማዋ ከአንድ ፍል ምንጭ በቧንቧ ውሃ ካስመጣች በኋላ ነው። ማኬይ ያንን መስመር ተዉት አላቸው። ከሌላ ምንጭ መጠጣት ጀመሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቋሚ ጥርስ ያወጡት ትንንሾቹ ጥርሳቸው ንጹህ ሆነ።

በ1931 ደግሞ የአንድ አልሙኒየም ኩባንያ ዋና ኬሚስት የነበረው ቸርችል፣ ጥርሳቸው በበለዘ ሕፃናት ከተማ የሚጠጣውን ውሃ በረቀቀ መሣሪያ መርምሮ ማንም ያልጠበቀውን ነገር አገኘ። ፍሎራይድ። ማኬይ ከኮሎራዶም ውሃ ላከለት፤ ያው ፍሎራይድ ወጣ። ሠላሳ ዓመት የፈጀ እንቆቅልሽ ተፈታ። የብላክ ሦስተኛ ግኝትም መልስ አገኘ። ፍሎራይድ በትንሹ ጥርስን ያጠነክራል፣ ሲበዛ ደግሞ አሠራሩን ያበላሻል። አሜሪካኖች ከ1945 ጀምሮ ፍሎራይድ በጣም ያነሰው የከተማ ውሃ ላይ መጠኑን እየለኩ መጨመር ጀመሩ። እኛ ጋ ግን ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ መቀነስ ነው ያቃተን።

ከስምጥ ሸለቆው ሥር

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊግራም ፍሎራይድ ነው። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጥልቅ ጉድጓዶች ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ፤ 10 ሚሊግራም ያለፉም አሉ። ሻላና አቢጃታ ሐይቆች ደግሞ ከ100 በላይ ናቸው።

ለምን? ምድራችን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ከሥር የሞቀ ውሃ በዚህ ድንጋይ ውስጥ ሲጓዝ ፍሎራይድ ያሟሟል። ካልሲየም ቢኖር ፍሎራይዱን ይዞት ይዘቅጥ ነበር፤ የእኛ ውሃ ግን ካልሲየሙ ትንሽ፣ ሶዳው ብዙ ነው። የዝዋይ ሐይቅ ከእነ ሻላ ጋር ሲነጻጸር በጣም የተሻለ ነው፤ ምክንያቱም ከደጋ የሚወርዱት የመቂና የካታር ወንዞች ይገቡበታል፣ በቡልቡላ በኩልም ይወጣል። ስለዚህ ጎረቤት የሆኑ ሁለት ጉድጓዶች እንኳ ውሃቸው የሰማይና የምድር ያህል ሊለያይ ይችላል። ቦኖው ላይ የቀዳኸው ውሃ የጠራና የሚጣፍጥ መሆኑ ስለ ፍሎራይዱ ምንም አይነግርህም።

ጉዳዩ ጥርስ ላይ ብቻ ቢቀር ጥሩ ነበር። በወንጂ ሸንኮራ እርሻ ለረጅም ዓመታት ከፍተኛ ፍሎራይድ ያለበት ውሃ ሲጠጡ የኖሩ ሠራተኞች አጥንታቸው ደርቆ፣ አንገትና ወገባቸው አልታጠፍ ብሎ እንደነበር ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሕክምና ጥናት ተጽፏል።

የብላክን ደንብ የሻረው ቁስ

እንግዲህ ጥርሱ የበለዘ ወጣት ዛሬ ምን አማራጭ አለው? ያቺን ያዙልኝ ያልኳችሁን ነገር እናምጣት። ቁሱ ስለማይጣበቅ ጥርሱ ይቆረጥ ነበር ብለናል።

በ1955 ማይክል ቡኖኮር የሚባል ተመራማሪ ጥርስን በፎስፎሪክ አሲድ ለጥቂት ሰከንድ ቢነኩት ገጹ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች እንደሚያወጣና ሙጫ መሰል ነገር እዚያ ገብቶ አጥብቆ እንደሚይዝ አሳየ። በ1962 ደግሞ ራፋኤል ቦወን የዛሬውን ኮምፖዚት መሠረት ጣለ።

ኮምፖዚት ምን ማለት ነው? የጭቃ ቤት አስቡ። ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ጭድ ሲገባበት ይያያዛል። ኮምፖዚትም እንዲሁ ነው። ጭቃው ፕላስቲክ መሰል ሙጫ ነው። ጭዱ የደቀቀ መስታወት ወይም ኳርትዝ ነው። የቦወን ብልሃት ብናኙን ከሙጫው ጋር የሚያጋባ ስስ ሽፋን መቀባቱ ነው፤ ያለዚያ ብናኙ ከሙጫው እየተላቀቀ ይወጣል። ቀለሙ የጥርስ ቀለም ነው፤ ጥርስ ላይም ይጣበቃል። ብላክ እንዳዘዘው ጤነኛ ጥርስ መቁረጥ ቀረ።

ይሄ ቁስ ግን አንድ ጠባይ አለው፤ ሲጠጥር በመቶ ሁለት ሦስት ያህል ይሸሻል። አፍ ውስጥ በአንዴ ሲጠጥር ከጥርሱ ጋር ጉተታ ይፈጥራል። በ1980ዎቹ የመጣው መፍትሔ የታጋርትን መንገድ መከተል ነው፤ ከአፍ ውጭ መሥራት። ሐኪሙ ጥርሱን በስሱ ይፈትግና አሻራውን ይወስዳል። ላብራቶሪ ውስጥ ባለሙያው በጂፕሰም ጥርሱን ቀርጾ፣ ኮምፖዚቱን በንብርብር ይገነባል። ከሥር ቡናማውን የሚሸፍን ድፍን ቀለም፣ ከላይ ብርሃን የሚያሳልፍ። ከዚያ በኃይለኛ ብርሃን፣ አንዳንዱ ዓይነት ደግሞ በሙቀትና በግፊት ጭምር ይጠጥራል። መሸሹ እዚያው ሞዴሉ ላይ ያልቃል። ጥርስ ላይ ሲለጠፍ የሚሸሸው የማጣበቂያው ስስ ሽፋን ብቻ ነው። ቁሱም በደንብ ስለበሰለ አፍ ውስጥ ከተሠራው ይልቅ ይጠነክራል።

ከፖርሲሊን ጋር ሲተያይስ? ኮምፖዚቱ አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳል። ቢሸራረፍ እዚያው አፍ ውስጥ ይጠገናል። ፊት ለፊቱ ያለውን ጥርስም ያን ያህል አይፈትግም። በሌላ በኩል በዓመታት ውስጥ ያልቃል፣ ማብረቅረቁን ያጣል፣ ቡናና ሻይ ቀለም ያስይዘዋል። የዕድሜ ልክ ነገር አይደለም፤ ይታደሳል።

ለእኛ ሰፈር ጥርስ ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ አለው። የበለዘ ጥርስ የላይኛው ገጽ አሲዱን ይቋቋማል። ሐኪሙ ይህን ካላወቀና እንደማንኛውም ጥርስ ከሠራው ሽፋኑ ቶሎ ሊላቀቅ ይችላል። ወይ አሲዱን ትንሽ ማቆየት፣ ወይ የላይኛውን ስስ ገጽ መፈተግ ይኖርበታል። ስለዚህ ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት የስምጥ ሸለቆ ጥርስ ሸፍኖ ያውቅ እንደሆነ ጠይቁት፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። ብልዘቱ ቀላል ከሆነም መሸፈን ላያስፈልግ ይችላል፤ ገጹን በስሱ ፈትጎ ማንጻት የሚበቃበት ጊዜ አለ።

ታዲያ የቱ ይቀድማል?

ኮምፖዚት ለአንድ ሰው ፈገግታውን ይመልስለታል። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ አፉን ሞልቶ የሚናገር ሰውና እጁን አፉ ላይ አድርጎ የሚናገር ሰው እኩል አይታዩም። ግን ስንቱ ነው የሚችለው? አበባ እርሻ ውሎ የሚገባ ሰው ስድስት የፊት ጥርስ ለማስሸፈን የስንት ወር ደመወዝ ያጠራቅም? የዛሬ ዓመት የሚወለደው ሕፃንስ?

ብላክ ያገኘው ሁለተኛው ነገር ለወላጅ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ጉዳቱ የሚደርሰው ጥርሱ ሲሠራ ነው። ከልደት እስከ ስምንት ዓመት ገደማ፤ ለፊት ጥርሶች ደግሞ በተለይ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ዓመታት። ስለዚህ ቤት ውስጥ ያለው የተሻለ ውሃ ለሁሉ የማይበቃ ከሆነ ቅድሚያ ለትንሹ ይሰጥ። የእናት ጡት ወተት ፍሎራይዱ እጅግ አነስተኛ ነው፤ እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ ማጥባት ለጥርስም ይጠቅማል። የዝናብ ውሃም ፍሎራይዱ ዝቅተኛ ነው፤ በንጹህ ዕቃ ተይዞና ታክሞ ለሕፃን ይሆናል።

ውሃ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድ አያወጣም፤ ውሃው በተነነ ቁጥር እንዲያውም ይጠነክራል። የክሎሪን መድኃኒትም አያወጣውም። የከብት አጥንት ከሰል ግን ያወጣል፤ በእኛ አካባቢም በሥራ ላይ ውሏል። የሚሠራበት ምክንያት ደግሞ ደስ ይላል። አጥንትና ጥርስ የተሠሩበት ማዕድን አንድ ዓይነት ነው። የልጁ ጥርስ ይይዘው የነበረውን ፍሎራይድ የከብቱ አጥንት ቀድሞ ይይዘዋል። ሲሞላ ግን ካልተቀየረ ዋጋ የለውም።

የቀበሌያችሁ ጉድጓድ ወይም ቦኖ ፍሎራይዱ ስንት ነው? ይህንን የውሃ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ መብታችሁ ነው። መልሱ አንድ ቁጥር ነው፤ ከ1.5 በላይ ነው ወይስ በታች።

የኦክሊ ወላጆች ሳይንቲስት አልነበሩም። የልጆቻቸውን ጥርስ አይተው ውሃውን ጠረጠሩ፤ የሚሰማቸው ሰው አገኙ፤ ቧንቧውን ቀየሩ። ብላክም ኮሌጅ የተማረ አልነበረም፤ የሚያየውን ነገር ለካ እንጂ። ግብር ለሚከፍልና ከጠዋት ጀምሮ ጄሪካን ይዞ ለሚሰለፍ ሰው የሚጠጣው ምን እንደሆነ ማወቅ ቅንጦት አይደለም።

እስከዚያው ግን ጥርሱ የበለዘ ልጅ ስታዩ አይፍቅም አትበሉት። ታናናሽ እህት ወንድሞቹ ምን ውሃ እንደሚጠጡ ጠይቁለት። በእናንተ ሰፈር ውሃው ተለክቶ ያውቃል? ኮሜንት ላይ ንገሩን፤ ትንንሽ ልጆች ላሏቸው ወዳጆቻችሁም አጋሩላቸው።